ትራክተሩ ያው ነው፤ አፈሩ ግን ይለያያል

ሁለት ባለሀብቶች በአንድ ቀን፣ ከአንድ አስመጪ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ትራክተር ገዙ እንበል። ሁለቱም ማሽኖች ባለ 75 የፈረስ ጉልበት ናቸው። የተገጠመላቸው ማረሻም ሆነ የኦፕሬተሮቹ የሥራ ልምድ ተመሳሳይ ነው። አንደኛው ባለሀብት ትራክተሩን ጅማ ወስዶ በቀይ አፈር ላይ አሰማራው። ሌላኛው ደግሞ ቱሉ ቦሎ አካባቢ፣ በበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ላይ ሥራ አስጀመረው። ዓመቱ አልቆ ሁለቱ ቢገናኙ የሚነጋገሩት ስለ አንድ ዓይነት ማሽን አይመስልም። የመጀመሪያው ስለ ገቢው ሲያወራ፣ ሁለተኛው ናፍጣ ስለሚጨርስ፣ ጎማ ስለሚበላና ልክ ሥራ ሲበዛ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስለሚቆም ትራክተር ያማርራል። መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ኦፕሬተሩን፣ በመጨረሻም አስመጪውን ይወቅሳል። ስለ አፈሩ ግን አይጠይቅም።

ይህ የገበሬ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ ትራክተር የባንክ ብድር ኦፊሰሩ፣ የሊዝ ፋይናንስ ባለሙያው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሹምና ከከተማ ወጥቶ እርሻ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው ሁሉ መነጋገሪያ ሆኗል። በእነዚህ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ወረቀት የትራክተሩን ዋጋ፣ የፈረስ ጉልበቱንና በቀን ስንት ሄክታር ሊያርስ እንደሚችል ይናገራል። በቀን ስንት ሄክታር እንደሚታረስ በመጨረሻ የሚወስነው ግን አፈሩ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚያው ወረቀት መጀመር ይጠቅማል።

የወረቀቱ ጉልበትና የማሳው ጉልበት

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ውሸት አይደለም። ችግሩ ማሳ ውስጥ አለመለካቱ ነው። በዓለም ላይ ስማቸው ከሚጠራ የትራክተር መፈተሻ ተቋማት አንዱ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት የሚገኘው ነው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣችው ሕግ፣ ማንኛውም ትራክተር በግዛቲቱ ከመሸጡ በፊት አምራቹ የሚናገርለትን ያህል መሥራቱ እንዲፈተሽ አስገደደች። በወቅቱ በማስታወቂያ ተማርከው ትራክተር የገዙ ገበሬዎች ማሳ ውስጥ ሲገቡ እየከሰሩ ነበር። ፈተናው በቀጣዩ ዓመት ተጀምሮ እስካሁን ቀጥሏል።

የሚገርመው የመጎተት ኃይል ፈተናው የሚካሄደው በኮንክሪት መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፈር ጠዋት የሰጠውን ውጤት ከሰዓት በኋላ አይደግመውም። ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ ያለው አፈር ለትራክተሩ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። አንዱን ትራክተር ከሌላው ጋር በፍትሐዊ መንገድ ለማወዳደር አፈሩን ከስሌቱ ማውጣት ግድ ይላል። ለገዢው ግን ዋናው ጥያቄ ያ ከስሌቱ የወጣው አፈር ነው።

የ75 የፈረስ ጉልበቱን መንገድ እንከተለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ በግምት አንድ በመቶ ጉልበቱን ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣውን በሙሉ ማቃጠል አይችልም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ላይ 75 የነበረው ወደ 60 ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ሞተሩ ራሱ ለሚያሽከረክራቸው ክፍሎችና ለማርሹ የሚወጣው ሲቀነስ ወደ 52 ይጠጋል። እስከዚህ ያለው ኪሳራ የታወቀና ብዙም የማይለዋወጥ ነው። ከዚህ በኋላ ጎማው መሬት ይነካል፤ ተራው የአፈሩ ይሆናል።

የአሜሪካ የግብርናና ባዮሎጂካል መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ ትራክተር በኮንክሪት ላይ ከዚህ ጉልበት 87 በመቶውን ለመጎተት ያውለዋል። ባልታረሰ ጠንካራ መሬት ላይ 72 በመቶ፣ በታረሰ መሬት ላይ 67 በመቶ፣ በላላና በለሰለሰ አፈር ላይ ደግሞ 55 በመቶ ብቻ ይጠቀማል። ወደ ምሳሌያችን ስንመልሰው 52 የነበረው እንደ ቅደም ተከተሉ 45፣ 37፣ 35 እና 29 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። በሌላ አነጋገር ባለ 75 ተብሎ የተገዛው ትራክተር በለሰለሰ መሬት ላይ ማረሻውን የሚጎትተው በ29 የፈረስ ጉልበት ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ፣ ጎማ አሽከርክሮ፣ አፈር ጠቅጥቆ አልቋል።

ማረሻው የሚጠይቀው

ይህ ትራክተሩ የሚሰጠው ነው። አፈሩ የሚጠይቀውስ? ይኸው ማኅበር ለዚህም ቀመር አለው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ አፈሩን ገልብጦ የሚያርስ ሞልድቦርድ ማረሻ በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢጎተት፣ በአሸዋማ አፈር ላይ የሚጠይቀው የመጎተት ኃይል 700 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። በመካከለኛ አፈር 1,100 ይደርሳል። ሸክላ በበዛበት ከባድ አፈር ላይ ደግሞ ወደ 1,600 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ማረሻው አልተቀየረም፤ ጥልቀቱም ፍጥነቱም ያው ነው። የተለየው የአፈሩ ቅንጣት ብቻ ነው። አንድ ጥማድ በሬ ሳያቋርጥ ሊጎትተው የሚችለው ከ100 ኪሎ ግራም ክብደት ብዙም እንደማይበልጥ ለሚያውቅ ሰው የልዩነቱ መጠን ግልጽ ነው።

ወደ ፈረስ ጉልበት ሲቀየር፣ አሸዋማው አፈር 13፣ ከባዱ ሸክላ 29 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። ከላይ እንዳየነው የለሰለሰ መሬት ከባለ 75ቱ ትራክተር የሚተርፈውም ይኸው 29 ነው። ይህም ማለት ማሽኑ አንዲት መጠባበቂያ ሳይኖረው፣ ሞተሩ እስከ ጥግ ተጨንቆ፣ ሁሉም ነገር ቢሟላለት ብቻ ሥራውን ይወጣዋል። አንድ ጠንከር ያለ ቦታ፣ አንድ ሥር ወይም ድንጋይ ካጋጠመው ይቆማል።

«ታዲያ ቶሎ ቶሎ ነድቶ ቢጨርስስ?» የሚል አይጠፋም። ሞልድቦርድ ማረሻ በፈጠነ ቁጥር አፈሩን አርቆ ስለሚወረውር የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። በከባድ ሸክላ ላይ ፍጥነቱን ከ5 ወደ 8 ኪሎ ሜትር ከፍ ብናደርገው የሚፈለገው ጉልበት ከ29 ወደ 58 የፈረስ ጉልበት ይዘላል። ፍጥነቱ 60 በመቶ ሲጨምር ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጥልቀቱን ከ20 ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ማውረድ ደግሞ አንድ አራተኛ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል።

ቀመሩ ራሱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። በአንድ ዓይነት አፈር ላይ እንኳ ትክክለኛው ቁጥር ለዚህ ማረሻ እስከ 40 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ለዚህ ሰፊ ልዩነት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ እርጥበት ነው። የሀገራችን ጥቁር አፈርም ከሌላው የሚለየው በዚሁ ነው።

ጠባቡ በር

በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በደጋው ክፍል ይገኛል። የበቾ ሜዳ፣ በቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአድአ ምድር፣ የእነዋሪ አካባቢና ሌሎችም በርካታ የእህል አገሮች በዚህ አፈር ይታወቃሉ። የአድአ ጤፍ፣ የበቾ ሽምብራ የሚበቅለው በዚህ ነው።

የዚህ አፈር ዋና ጠባይ የሚመነጨው ስሜክታይት ከተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡ እጅግ ስስ ንጣፎች አሉት። ውሃ ሲያገኝ በንጣፎቹ መካከል እየገባ ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው፣ በክረምት ደግሞ ስንጥቁ ተደፍኖ ውሃው ላዩ ላይ የሚተኛው ለዚህ ነው።

ለትራክተሩ ይህ ማለት ሁለት የተዘጉ በሮች ማለት ነው። በበጋው አፈሩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ማረሻው አፈር አይቆርጥም፤ ጓል ይፈነቅላል። የማረሻው ምላጭ ቶሎ ያልቃል፣ ማያያዣው ይጣመማል፣ የወጣውን ጓል ለማድቀቅም ተጨማሪ የመከስከስ ሥራ ያስፈልጋል። በክረምቱ ደግሞ ያው አፈር ሙጫ ይሆናል። ማረሻው ላይ ተጣብቆ አይወርድም፤ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ለስላሳ ሲሊንደር ያደርገዋል። ምቹ የሚሆነው በሁለቱ መካከል ባሉ ጥቂት ቀናት ነው፤ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈርበት፣ ማረሻው ሳይጣበቅበትም ሳይደነቁርበትም የሚያልፍበት ጊዜ።

የጅማው ቀይ አፈርም ቢሆን ሸክላ የሚበዛበት ነው። ታዲያ ለምን አይከብድም? መልሱ የሸክላው ዓይነትና የአፈሩ አወቃቀር ነው። የቀይ አፈር ሸክላ ውሃ ሲያገኝ እምብዛም አያብጥም። ቀዩን ቀለም የሚሰጠው የብረት ማዕድንም ቅንጣቶቹን እንደ ጥራጥሬ አያይዞ ስለሚይዛቸው በመካከላቸው ውሃና አየር ያልፋል። ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ትራክተር ይሸከማል። የመጀመሪያው ባለሀብት ደስተኛ የሆነው የተሻለ ማሽን ስለገዛ ሳይሆን፣ አፈሩ በዓመት ውስጥ ብዙ የሥራ ቀን ስለሰጠው ነው። ትራክተርን የሚያዋጣው ወይም የሚያከስረው ደግሞ የሥራ ቀን ብዛት መሆኑን ብድር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የባንክ ወለድ ዝናብ ዘነበ ብሎ አይቆምም።

በሌላ በኩል አሸዋማ አፈር ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ በመቂና በባቱ አካባቢ ያለው ቀለል ያለ አፈር ማረሻውን ብዙ አያስቸግርም። ነገር ግን ደርቆ ሲላላ ጎማው ይሰምጥበታል፤ አሸዋውም ብረት ይሞርዳል። እያንዳንዱ አፈር የራሱ ቀረጥ አለው፤ የሚለያየው የሚሰበስብበት መንገድ ነው።

ጎማው ይዞራል፣ ትራክተሩ ግን...

ትራክተር ሲያርስ ጎማው የተወሰነ መንሸራተቱ አይቀርም። ጎማው አፈሩን ወደ ኋላ ካልገፋው ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ አፈሩ ሲገፋ ደግሞ ትንሽ ይሸሻል። ትራክተሮች ጉልበታቸውን በተሻለ ሁኔታ የሚጠቀሙት ከ8 እስከ 15 በመቶ ያህል ሲንሸራተቱ ነው። ከዚህ በታች ከሆነ ትራክተሩ ያለ ሥራ ክብደት ተሸክሟል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን ናፍጣና ጎማ በከንቱ እየነደደ ነው።

ይህን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የኋላ ጎማው ጎን ላይ በኖራ ምልክት ማድረግና ማረሻው ተነስቶ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ትራክተሩ የሚሄደውን ርቀት መለካት በቂ ነው። 45 ሜትር ሆነ እንበል። ቀጥሎ ማረሻው አፈር ውስጥ ገብቶ እያረሰ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር እንደገና ይለካል። 36 ሜትር ከሆነ 9 ሜትር ጠፍቷል፤ መንሸራተቱ 20 በመቶ ነው። በ10 በመቶ መንሸራተት 10 ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በ25 በመቶ መንሸራተት 12 ሰዓት ይወስዳል። ሁለቱ ተጨማሪ ሰዓታት የኦፕሬተር አበል፣ ናፍጣና የሞተር ዕድሜ ናቸው። በማንኛውም ሒሳብ ላይ «አፈር» በሚል ርዕስ አይመዘገቡም፤ ወጪው ግን የእሱ ነው።

ጎማ ሲንሸራተት በተለምዶ የሚሰጠው መፍትሔ ክብደት መጨመር ነው። ከፊት የብረት ማክበጃ ይታሰራል፣ የኋላ ጎማዎቹ ውስጥ ውሃ ይሞላል። ይህ የሚሠራው ግን በሁሉም አፈር ላይ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ቻርለስ ኩሎም እንዳስረዳው፣ የአፈር ጥንካሬ ከሁለት ምንጮች ይመጣል። አንዱ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚፈጠረው ሰበቃ ሲሆን፣ ሌላው ቅንጣቶቹ አንዱ ሌላውን ይዞ የሚቆይበት መያያዝ ነው። አሸዋ የሚተማመነው በሰበቃ ነው፤ ስለዚህ ክብደት ሲጨመርበት አጥብቆ ይይዛል። ውሃ የጠገበ ሸክላ ግን ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ነው። ያለው መያያዙ ብቻ በመሆኑ፣ የሚጠቅመው ጎማው አፈሩን የሚነካበት ስፋት እንጂ ክብደቱ አይደለም።

በመሆኑም እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ የሚንሸራተትን ትራክተር በብረት ማክበድ ትርፉ ይበልጥ ማስመጥ ነው። በምትኩ ሰፋ ያለ ጎማ፣ ድርብ ጎማ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ትራክተር ወይም አምራቹ በፈቀደው ልክ የጎማውን ነፋስ መቀነስ ይረዳል። ከላይ ባነሳነው መለኪያ መሠረት በለሰለሰ መሬት ላይ 55 በመቶ የነበረው የጉልበት አጠቃቀም፣ ትራክተሩ የፊት ጎማዎቹም የሚነዱ ሲሆኑ ወደ 65 በመቶ ያድጋል። በሰንሰለት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 78 በመቶ ይደርሳል። በጠንካራ መሬት ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ለባለ አራት ጎማ መንጃ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «የት ልታርስበት ነው?» የሚል ነው።

ኪሳራው ወደ ማን ይሄዳል?

ትራክተር አከራዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሄክታር ነው። አፈሩ ሲከብድ ሄክታሩን ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜና ናፍጣ ይጨምራል፤ ክፍያው ግን ያው ነው። ኦፕሬተሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ ይህን ችግር የሚፈታበት አንድ ማንሻ አለው፤ ማረሻውን ወደ ላይ ከፍ ማድረግ።

በ20 ሳንቲ ሜትር ሊያርስ የተስማማው ትራክተር በ12 ሳንቲ ሜትር ሲያርስ የሚጠየቀው ኃይል በ40 በመቶ ይቀንሳል። ሞተሩ ይዝናናል፣ ጎማው መንሸራተቱን ያቆማል፣ ሄክታሩም በጊዜ ያልቃል። ከመንገድ ዳር ለሚያየው ሰው ማሳው ጥቁር ሆኖ፣ አፈሩ ተገልብጦ ይታያል። የጎደለው 8 ሳንቲ ሜትር የሚታወቀው በኋላ ነው፤ ሥሩ ወደ ታች መሄድ ሲያቅተው፣ አረሙ ተመልሶ ሲነሳ፣ ነሐሴ ላይ ውሃ ሲተኛ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ቡቃያው ቶሎ ሲጠማ።

ኦፕሬተሩን ክፉ ሰው አድርጎ መሳል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ማሽኑ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1939 ከሄንሪ ፎርድ ጋር በሠራው ትራክተር ላይ በስፋት የተዋወቀው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ፣ ዛሬ ከሞላ ጎደል በሁሉም የእርሻ ትራክተሮች ላይ ይገኛል። ከጥቅሞቹ አንዱ አፈሩ ሲከብድ በሃይድሮሊክ ማረሻውን በራሱ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ የማረሻውን ክብደት ወደ ኋላ ጎማዎች ማስተላለፉ ነው። ይህ ትራክተሩ እንዳይቆም ያደርገዋል። በአንድ ማሳ ውስጥ አፈሩ በተለያየ ቁጥር ግን ጥልቀቱም ይለያያል፤ አፈሩ ይበልጥ መሰበር የሚፈልግበት ጠንካራ ቦታ ይበልጥ በስሱ ይታረሳል ማለት ነው። በስምምነት ውል ላይ ጥልቀት ካልተጻፈ፣ ከታረሰም በኋላ አንድ ሰው እንጨት ይዞ ማሳው ውስጥ በየቦታው ካልለካ፣ የአፈሩን ክብደት በዝምታ የሚከፍለው ባለማሳው ገበሬ ነው።

የማይታየው ዕዳ

ከሁሉም የሚከፋው እርጥብ አፈር ላይ የተሠራ ሥራ ነው፤ ጉዳቱ ለዓመታት ስለሚቆይ። ውሃ የጠገበ አፈር ጎማ ሲያልፍበት ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ አየርና ውሃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ከጠቅላላው የመጠቅጠቅ ጉዳት አብዛኛውን የሚያደርሰው የመጀመሪያው ማለፍ ነው። «አንዴ ብቻ ነው የገባው» የሚለው ምክንያት ስለዚህ አያጽናናም።

የላይኛው አፈር የሚጠቀጠቀው በዋነኛነት በጎማው ነፋስ መጠን ነው። ጎማው በጣም ከተነፋ ክብደቱ በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። ለአስፋልት የተነፋ ጎማ ሳይቀነስ በቀጥታ ማሳ ውስጥ ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። የታችኛው አፈር ግን የሚጠቀጠቀው በአክሰሉ ላይ ባለው ጠቅላላ ክብደት ነው። በእርጥብ መሬት ላይ በአንድ አክሰል ከ5 እስከ 6 ቶን ሲያልፍ ጉዳቱ ማረሻ ወደማይደርስበት ጥልቀት ይወርዳል፤ ጎማ ማስፋትም ሙሉ በሙሉ አያድነውም። በዚህ ረገድ ከትራክተሩ በላይ የሚያሳስበው በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች የሚሠማራው ኮምባይነር ነው። እህል በሞላበት ሰዓት በርጥብ ማሳ ውስጥ ሲያልፍ የሚተወው ጉዳት በቀጣዩ ዓመት የሚታረሰውን መሬት ያከብደዋል። ትራክተሩም የኮምባይነሩን ዕዳ በናፍጣ ይከፍላል።

በተጨማሪም እርጥብ ሸክላ ውስጥ የሚያልፍ ማረሻ የቦዩን ታች እንደ ግንበኛ ማንኪያ ይለስነዋል። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲታረስ ይህ ልስን ይወፍርና ሥርና ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ ወለል ይሆናል። የበሬ ማረሻም ለዘመናት በአንድ ጥልቀት እየተመላለሰ ይህን መሰል ወለል ይፈጥራል። ትራክተር ሊያድነን ይችል የነበረው ከዚህ ነበር። ያለ ጊዜው ከገባ ግን ወለሉን ጥቂት ወደ ታች አውርዶ ይበልጥ ያጠነክረዋል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት ላይ አንድ እፍኝ አፈር ማውጣትና በመዳፍ መካከል እንደ ክር ማሽከርከር ነው። እርሳስ ከሚያክል ውፍረት አልፎ ሳይበጠስ ወደ ቀጭን ክር ከተሳበ አፈሩ ረጥቧል፤ ትራክተሩ ቢቆይ ይሻላል። ክር ከመሆኑ በፊት ከተፈረፈረ ጊዜው ነው። ጨርሶ ካልተጠቀለለና በጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ከላይ ያለው አፈር ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ናሙናው ከጥልቀት መውሰዱ ወሳኝ ነው።

ሁለተኛው የማረሻ ምርጫ ነው። በደረቅና በሚጣበቅ አፈር ላይ እየተሽከረከረ የሚቆርጠው ዲስክ ማረሻ ከሞልድቦርዱ የተሻለ ይሠራል፤ በሀገራችን የተለመደውም ያለ ምክንያት አይደለም። አፈሩን ሳይገለብጥ የሚሰነጥቀው ቺዝል ማረሻ ደግሞ የተጠቀጠቀ ወለልን ለመስበር ይረዳል። ነገር ግን መግባት ያለበት አፈሩ ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው። እርጥብ ሸክላ አይሰነጠቅም፤ ማረሻው ካለፈ በኋላ ተመልሶ ይገጥማል።

ሦስተኛው ሥራውን ከአፈሩ ቀን መቁጠሪያ ጋር ማስማማት ነው። በጥቁር አፈር ላይ ሰብል እንደተነሳ፣ መሬቱ ጨርሶ ሳይደርቅ የሚደረግ ገመሳና ከበልግ ዝናብ በኋላ የሚከተለው አይማ፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ጭቃ ውስጥ ከሚደረግ ትግል ይሻላሉ። በእርግጥ ይህ የሚሆነው ከብት ቃርሚያ የሚበላበት፣ ትራክተሩም በአንድ ጊዜ በሁሉም ዘንድ የሚፈለግበት ወቅት በመሆኑ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የትራክተር ኪራይ አገልግሎት ሲታቀድ በዓመቱ ውስጥ ስንት ምቹ ቀናት እንዳሉ ቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል። ምቹዎቹ ቀናት 20 ብቻ ከሆኑ፣ በ60 ቀን ሥራ የተሰላ የብድር መክፈያ ገና ሲፈረም የተበላሸ ነው።

አራተኛው ውሃውን ማስወጣት ነው። የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ጥቁር አፈርን ሲያጠነፍፉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካና የሀገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ይህን መነሻ በማድረግ በሁለት ማረሻ የተሠራና በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ አስተዋውቀዋል። ይኸው ሐሳብ በትራክተር ሲሠራ ጥቅሙ ድርብ ነው። ሰብሉ ከውሃ ይድናል፤ የትራክተሩ ጎማም ሁልጊዜ በቦዩ ውስጥ ስለሚሄድ መደቡ አይጠቀጠቅም፣ መንገዱም ጠንክሮ ጎማውን በደንብ ይሸከማል።

ጠረጴዛው ላይ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመግቢያችን ላይ ወዳነሳነው ብድር ኦፊሰር እንመለስ። ኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት የአፈሯን ለምነት በካርታ ለማስፈር ብዙ ሠርታለች፤ ዋናው ትኩረት የነበረው የትኛው ማሳ የትኛውን ማዳበሪያ ይፈልጋል የሚለው ነው። የትኛው ማሳ በየትኛው ወር ትራክተር ይሸከማል የሚለው ጥያቄ ግን የገንዘብ ጥያቄም ነው።

ስለዚህ የትራክተር ፋይል ሲቀርብ ከፈረስ ጉልበቱ ጋር አብረው ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ማሽኑ የሚሠራው በጥቁር፣ በቀይ ወይስ በአሸዋማ አፈር ላይ ነው? ከፍታው ስንት ነው፤ ሞተሩስ ቱርቦ አለው? በኋላ ጎማ ነው ወይስ በአራቱም የሚነዳው? የማረሻው ስፋት የተመረጠው ለወረቀቱ ጉልበት ነው ወይስ ከአፈሩ ለሚተርፈው? በኪራይ ውሉ ላይ የእርሻው ጥልቀት ተጽፏል? ዝናብ ሲበዛ ትራክተሩ ሥራ የሚፈታባቸው ቀናት በገቢ ትንበያው ውስጥ ተቆጥረዋል? እነዚህን ለመመለስ የሚችለው ሰው ብዙ ጊዜ ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ማሳው ውስጥ ያለው ገበሬ ግን የትኛው ጥግ ዘግይቶ እንደሚደርቅ፣ በየትኛው ሳምንት በሬ እንደማይገባበት ዓመታትን ባስቆጠረ ልምዱ ያውቀዋል።

የበቾው ባለሀብት ምናልባት ያስፈለገው ሌላ ትራክተር አልነበረም። ጠበብ ያለ ማረሻ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ማሽን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሐምሌ በፊት የተጀመረ ሥራ ነበር። ይህን ሊነግረው የሚችል እፍኝ አፈር እግሩ ሥር ነበረ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢጨብጠው ኖሮ የብዙ ሺሕ ብር ምክር በነፃ ያገኝ ነበር።